የጌም ተገጣሚ አካላትን እንደገና መንደፍ፦ ከእግር ሠሪዋ

ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እግር እሠራለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ወርክሾፕ በጄሶ ልክ እወስዳለሁ፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ፕላስቲክ አሞቃለሁ፣ ሶኬት (ቀሪው እግር የሚገባበትን ማቀፊያ) እቀርጻለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ታናሽ ወንድሜና ጓደኛው ጎዶት በሚባል የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር በሚሠሩት ጌም ውስጥ እጄን አስገባለሁ። መጀመሪያ የጠሩኝ ለስዕሉ ነበር። «እትዬ፣ ይሄ እግር እውነተኛ ይመስላል?» አለኝ ወንድሜ። መምሰሉንስ ይመስላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር።

ታሪኩ 2140 ላይ፣ በአንዲት የባቡር ከተማ ውስጥ ነው። (በማን አቆጣጠር 2140 እንደሆነ እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው።) ተጫዋቹ ሥራ ይሠራል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ሱቅ ይገባል። ዓይን ይገዛል፣ ክንድ ይገዛል፣ እግር ይገዛል። በሱቁ ውስጥ 41 ተገጣሚ አካል ነበር። ሌቨል 12 ላይ ሲደረስ የሁሉም ተጫዋች ገጸ ባሕሪ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ያልተገጠመለት ነገር የለማ። ሰርግ ላይ ቡፌውን በሙሉ በአንድ ሳህን እንደሚከምር ሰው ነው። ሁሉም አለ፣ አንዱም አይጣፍጥም።

ይህን ለማስተካከል አራት ወር ፈጀብን። እናንተም የራሳችሁን ጌም ወይም ሞድ (በሌላ ጌም ላይ የሚጫን ለውጥ) እየሠራችሁ ከሆነ፣ ያደረግነውን ከነስህተቱ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሱቁን ባዶ አድርጉት

ኤክሴል ክፈቱ። ያላችሁን ተገጣሚ ሁሉ በአንድ ረድፍ ጻፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ፊት ለፊት ይህን ዓረፍተ ነገር ሙሉ፦ «ይህ ከተገጠመልኝ፣ ድሮ የማልችለውን … ማድረግ እችላለሁ።»

ባዶ ቦታው ላይ «በመቶ» የሚል ቃል ከገባ ያንን ተገጣሚ ቀይ ቀለም ቀቡት። «በ5 በመቶ ፈጥኜ እሮጣለሁ» የሚለውን ማንም ተጫዋች አይሰማውም። ቁጥሩን ያያል፣ ይገዛል፣ ይረሳል። «አየር ላይ ሆኜ ሁለተኛ ጊዜ እዘላለሁ» ግን ሌላ ነገር ነው። ሳይበርፐንክ 2077 በሚባለው ጌም ላይ ሁለት ጊዜ የሚያዘልለውን እግር ያስገጠመ ሰው ያውቀዋል። ትናንት ግድግዳ የነበረው ዛሬ መንገድ ይሆናል። ከተማዋ ራሷ ትለወጣለች።

እኛ ይህን ስናደርግ ከ41ዱ ውስጥ 29ኙ ቀይ ሆኑ። ወንድሜ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈኝ። ግማሾቹን እሱ ነበር የጻፋቸው። ከቀዮቹ አንዳንዶቹን የሌላ ተገጣሚ ደረጃ አደረግናቸው፣ ሌሎቹን ጣልናቸው። የቀሩት 12 ሆኑ። በኋላ አምስት አዲስ ጨመርን። አሁን ያለን 17 ነው፦ ዓይን 3፣ ክንድ 4፣ እግር 4፣ ነርቭ 3፣ ቆዳ 3። ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ስሎቱ፣ ማለትም መግጠሚያ ቦታው፣ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በግድግዳ ውስጥ የሚያይ ዓይን የፈለገ ሰው፣ ጠላትን በርቀት የሚለየውን ዓይን ይተዋል።

ስሎቱ ውስጥ ያሉት ነገሮች እርስ በርስ ካልተጣሉ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ሳይበርፐንክ 2077 ላይ ጊዜን የሚያዘገየው ሳንዴቪስታንና ለጠለፋ የሚሆነው ሳይበርዴክ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚገጠሙት። አንዱን ስትመርጡ የአጨዋወታችሁን ዓይነት መረጣችሁ ማለት ነው። ቀድሞ የወጣው የ2000ው ጌም ዴውስ ኤክስ ደግሞ የበለጠ ጨካኝ ነበር። አንድ ጣሳ ታገኛላችሁ፤ በውስጡ ሁለት አማራጭ አለ፤ አንዱን ስታስገጥሙ ሌላው ለዘላለም ሄደ። እኔ ይህን ጭካኔ እወደዋለሁ። ወንድሜ አይወደውም። ድምፅ ሰጠን፣ ተሸነፍኩ።

ተገጣሚው በጌሙ ውስጥ ምን ሥራ አለው?

ይህን ጥያቄ የተማርኩት ከሌሎች ስህተት ነው። የጌም ኩባንያው ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ሳይበርፐንክ 2077ን በዲሴምበር 2020 ሲያወጣው፣ ከጥይት የሚከላከለው ልብስ ነበር። ጃኬቱ ቁጥር አለው፣ ኮፍያው ቁጥር አለው። ውጤቱ ምን ሆነ? ስለ ብረት ሰውነት በሚያወራ ጌም ውስጥ ሰው ሁሉ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ የማይገጥም ሱሪና ኮፍያ ለብሶ ሲዞር ዋለ። የተገጠመው አካል ጌጥ ሆነ።

በሴፕቴምበር 21 ቀን 2023 የ2.0 ማሻሻያ ወጣ። መከላከያውን በአብዛኛው ከልብስ አንስተው ወደ ተገጣሚው አካል አዛወሩት። ልብስ ልብስ ሆነ፤ ቆዳና አጥንት ደግሞ ሕይወት የሚያተርፉ ነገሮች ሆኑ። በዚያው ማሻሻያ ላይ ሰውነት መሸከም የሚችለው መጠን ገደብ ተበጀለት።

እናንተም ልክ እንደዚህ አድርጉ። ጌማችሁ ውስጥ ከሌላ ነገር ጋር ሥራ የሚሻሙ ተገጣሚዎችን ፈልጉ። መሣሪያው በራሱ ያነጣጥራል? እንግዲያው የሚያነጣጥረው ክንድ ሥራ ፈት ነው። ከሁለቱ አንዱን አውጡት። እኛ ከልብስም ከመሣሪያም ላይ ወደ ስድስት የሚሆኑ ችሎታዎችን ነጥቀን ለአካል ሰጠን።

ገደቡና ስሙ

አሁን ወደተጣላንበት ጉዳይ ልግባ።

ወንድሜ ገደብ እንደሚያስፈልግ ቀድሞም ያውቅ ነበር። የድሮዎቹን የጠረጴዛ ላይ ጨዋታዎች ያውቃቸዋል። ማይክ ፖንድስሚዝ በ1990 ያወጣው ሳይበርፐንክ 2020 ለገጸ ባሕሪው የሰብአዊነት ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ የርኅራኄ መለኪያው በ10 ሲባዛ የሚገኝ ነው። አካል በተገጠመ ቁጥር ይቀንሳል። ዜሮ ሲገባ ገጸ ባሕሪው ያብዳል፤ ከተጫዋቹ እጅ ወጥቶ ጨዋታውን ለሚመራው ሰው ይሰጣል። በ1989 የወጣው ሻዶውራን ደግሞ ለሁሉም 6 ነጥብ ሰጥቶ፣ ብረት በገባ ቁጥር ከዚያ ላይ ይቆርጣል። አስማተኛ ከሆናችሁ አስማታችሁም አብሮ ይወርዳል።

ወንድሜም ይህን ወስዶ መለኪያውን «ሰውነት» ብሎ ሰየመው። ቃሉን በመምረጡ ጎበዝ ነው። በእኛ ቋንቋ ሰውነት አካልም ነው፣ ሰው መሆንም ነው። እግር ስታስገጥሙ ስክሪኑ ላይ በቀይ «ሰውነት፦ 3 ቀንሷል» የሚል ይወጣል።

እኔ ያንን ሳይ ደሜ ፈላ። በዚያው ሳምንት እግራቸውን የተረከቡ አንዲት እናት ነበሩ። በክራንች የገቡበትን በር በሁለት እግራቸው ወጡ። ምናቸው ነው የቀነሰው? «እትዬ፣ ጌም እኮ ነው» አለ ወንድሜ። ጌም መሆኑን አላጣሁትም። ግን ይህን ጌም የሚጫወት እግሩን ያጣ ልጅ አይኖርም ያለው ማነው?

ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። መጨረሻ ላይ ስሙን «ጫና» አልነው። ስሙ ሲቀየር ሕጉም አብሮ ተቀየረ። የጎደለን አካል ብቻ የሚተካ ተገጣሚ ጫናው 0 ነው። ጫና የሚጀምረው ከሰው በላይ የሚያስችል ነገር ሲታከልበት ነው። ምክንያቱም ነርቭ ላይ የሚመጣው መልእክት ይበዛል። አንድ እጅ የሌለው ገጸ ባሕሪ ይዞ መጀመር የፈለገ ተጫዋች አሁን ይችላል፤ ተራው ሰው ሠራሽ እጅ ከማንም አያሳንሰውም። መለኪያችሁን ከመሰየማችሁ በፊት ስሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ስሙ የማታስቡትን ነገር እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩን እንዲህ አወጣነው። ተጫዋቹ በ12 ይጀምራል። በየሌቨሉ 1 ይጨመርለታል፤ ሌቨል 20 ላይ 31 ይሆናል። የ17ቱም ተገጣሚዎች ጫና ሲደመር ግን 74 ነው። እስከ መጨረሻው የሚጫወት ሰው እንኳ ግማሹን አይሸከምም። ይህች ግማሽ ጥሩ መነሻ ናት። እኛ መጀመሪያ ድምሩን 45 አድርገነው ነበር፤ ሁሉም ሰው መጨረሻ ላይ ተመልሶ አንድ ዓይነት ሆነብን።

ገደቡን የሚጥስ በር ክፈቱ፣ ግን አስከፍሉ። 2.0 ላይ «ኤጅረነር» የሚባል ችሎታ አለ። ከገደቡ በላይ እስከ 50 ነጥብ ድረስ መግጠም ያስችላል። ለእያንዳንዱ ትርፍ ነጥብ ከሙሉ ጤናችሁ 0.5 በመቶ ይቆረጣል። ጥግ ድረስ የሄደ ሰው ሩቡን ከፈለ ማለት ነው። የሚያምረኝ ሒሳቡ ግልጽ መሆኑ ነው። ዋጋው ላይ ዳይስ የለም። ተጫዋቹ ዋጋውን አይቶ ይፈርማል። እኛም ቅርጹን ወሰድን፦ እስከ 6 ትርፍ፣ ለእያንዳንዱ 4 በመቶ።

አካል ይላመዳል፣ ይላላልም

ይህንን ክፍል ከሌላ ጌም አልወሰድኩትም። ከወርክሾፑ ነው ያመጣሁት።

ጌሞች ውስጥ አካል ይገዛል፣ ይገጠማል፣ አለቀ። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ሶኬቱ ውስጥ የሚገባው ቀሪ እግር ሥጋ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ባሉት ወራት ይቀጥናል። በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ መጠኑ ይለዋወጣል። ጠዋት ልክ የነበረ ሶኬት ከሰዓት ይሰፋል። ሰውየው ተጨማሪ ካልሲ ያጠልቃል። ላብ አለ፣ መላጥ አለ። ከጊዜ በኋላ ሶኬቱ ራሱ እንደገና ይሠራል። አንድ አባት ሲነግሩኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ እግር ጠዋት የኔ ነው፤ ወደ ማታ የሰው ይሆናል» ብለውኝ ነበር። ያንን ዓረፍተ ነገር ወደ ጌም መቀየር ፈለግሁ።

የመጀመሪያ ሙከራችን አሳፋሪ ነበር። የተገጠመው ነገር ሁሉ በየደቂቃው 1 በመቶ ይደክማል አልን። ለሙከራ የሰጠነው የጎረቤት ልጅ ሁለት ሰዓት ተጫወተ። የሚዘለውን እግር አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀመ። ለምን ብለው «ይበላሽብኛል» አለኝ። ያ መላመድ ሳይሆን ግብር ነበር። ሰው ከግብር ይሸሻል።

ሁለተኛው ሙከራ ሠራ። ቁጥሩን ጣልነውና በሦስት ሁኔታ ተካነው፦ አዲስ፣ የለመደ፣ የላላ። የሚዘለው እግር አዲስ ሲሆን ሁለት ጊዜ መዝለሉ ወዲያው ይሠራል። ግን ስታርፉ ኮቴው ይሰማል፣ ዘበኛው ይዞራል። ሁለት ሥራ ከሠራችሁ በኋላ ይለምዳል፤ ኮቴው ይጠፋል። ከዚያ አራት ሥራ ቆይቶ ይላላል፤ ኮቴው ይመለሳል። በጌሙ ውስጥ አካል የምትጠግነው ባለሙያ ጋ ሄዳችሁ ታስጠብቃላችሁ።

ሕጉ አንድ ነው። ዋናውን ድርጊት ፈጽሞ አትንኩ። መዝለሉ ሁልጊዜ አለ። የሚለዋወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው፦ ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ የሚታየው ምልክት። ተጫዋች የገዛውን ስትነጥቁት ይናደዳል። የገዛው ነገር ጠባይ ሲኖረው ግን ያወራለታል። ያው ልጅ በሁለተኛው ጊዜ «እግሬ እኮ ዛሬ እየጮኸ ነው» አለኝ። «እግሬ» አለ! ለወንድሜ ደወልኩለት፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ነበር።

ለየአንዳንዱ አካል የሚላላበትን መንገድ ከራሱ ጠባይ አውጡት። ክንዳችን ከቆዳ ላይ የጡንቻን ኤሌክትሪክ እያነበበ ነው የሚሠራው፤ እውነተኞቹም እንዲህ የሚሠሩ አሉ። ስለዚህ ሲላላ፣ በሩን ሲከፍት ጣቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ ሲላላ ደማቅ ብርሃን ላይ ጥላ ይጥላል። ቆዳውን ግን እንዲላላ አላደረግነውም። ሞከርነው፣ ያስጠላል።

ማስጠበቂያውን ሱቅ አታድርጉት። እኛ ጋ ባለሙያዋ ከባቡር ጥገና ቤቱ ጀርባ የምትቀመጥ አሮጊት ናት። መፍቻዋን እያነሳች ስለሠራችሁት ሥራ ትጠይቃለች፤ ወሬውን ከየት እንደሰማችው አይታወቅም። ጠቅላላው ከአርባ ሰከንድ አይበልጥም። ዋጋው ትንሽ ነው። የምትናገረው ነገር እንዳይደገም ብዙ ጽሑፍ አዘጋጁ፤ ሦስተኛ ጊዜ አንድ ዓይነት ቀልድ ከሰሙ ተጫዋቾቹ ይጠሏታል። የእኛ 58 አባባል አላት። አብዛኞቹን የሰረቅኋቸው ከአክስቴ ነው።

አጫጭር ማስጠንቀቂያዎች

አካል መቀያየር ይፈቀድ፣ ግን የባለሙያዋ ወንበር ላይ ብቻ። ከሜኑ ላይ በየትኛውም ቦታ እንዲቀየር ፈቅደን ነበር። የወንድሜ ጓደኛ ጥይት መሀል ቆም እያለ ክንድና ዓይን ሲያፈራርቅ አየሁት። ገደባችን ሁሉ ውኃ በላው።

ባትሪን በተመለከተ ስስትን ፍሩ። የ2011ዱ ዴውስ ኤክስ ሂውማን ሪቮሉሽን ላይ ጉልበቱ በባትሪ ክፍል ተከፋፍሎ ነበር፤ በራሱ ተመልሶ የሚሞላው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹን ለመሙላት የሚበላ ነገር መፈለግ ነበረባችሁ። ሰው ምን አደረገ? በአንዷ ብቻ ተጫወተ፤ የቀሩትን ለክፉ ቀን አስቀመጠ፤ ክፉው ቀንም ሳይመጣ ጌሙ አለቀ። ሳይበርፐንክ 2.0 ላይ የጤና መድኃኒቱንና ቦምቡን በራሱ እንዲሞላ ያደረጉት ለዚህ ይመስለኛል። የእኛ ተገጣሚዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የመሙያ ጊዜ አላቸው። የጋራ ባትሪ የለም።

እያንዳንዱን የግዴታ በር በእያንዳንዱ ዓይነት ሰውነት ሞክሩት። ያው ሂውማን ሪቮሉሽን ሲወጣ በዚህ ተወቅሷል። ሙሉውን ጌም ተደብቆ የመጣ ሰው፣ አለቆቹ ጋ ሲደርስ ግድ ተኩሶ መግደል ነበረበት። በ2013 በወጣው እትም ነው ሌላ መንገድ የጨመሩበት። እኛ ሠንጠረዥ ሠራን፦ በግራ 9 የግዴታ ቦታዎች፣ በላይ አምስቱ የሰውነት ክፍሎች። በዚያ የሰውነት ክፍል ተገጣሚ ብቻ ማለፍ ካልተቻለ ያ ቦታ ባዶ ይሆናል። መጀመሪያ ስንሞላው 14 ባዶ ነበር። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ቡና አፍሉና ሥሩት።

የድሮ ሴቭ

በመጨረሻ የምትረሱት ነገር ይሄ ነው። ማሻሻያውን ስትለቁ የድሮ ሴቭ፣ ማለትም ያቆሙበት ጨዋታ የተቀመጠበት ፋይል፣ ያላቸው ሰዎች አሉ። የተሰረዙትን 29 ተገጣሚዎች ገዝተዋል። ሦስት ነገር አድርጉላቸው። አንደኛ፣ የከፈሉትን ገንዘብ ሳትቀንሱ መልሱ። ሁለተኛ፣ የተረፉትን ተገጣሚዎች ሳጥን ውስጥ አስቀምጡላቸው። ሦስተኛ፣ ጌሙን ሲከፍቱ የነበሩበት ቦታ ሳይሆን የባለሙያዋ ወንበር ላይ ይንቁ።

ሦስተኛውን የተማርነው በወንድሜ ጓደኛ ነው። ማሻሻያውን የጫነው ለሊት ነበር። ሴቭ ያደረገው ከባቡር ጣቢያው ጣሪያ ላይ ነው፤ በሚዘለው እግሩ የወጣበት። ጠዋት ሲከፍተው የሚዘለው እግር ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ገጸ ባሕሪው በተራ እግሩ ጣሪያ ላይ ቆሟል። መውረጃ የለም። ቢዘል ይሞታል፣ ሲሞት ተመልሶ እዚያው ጣሪያ ላይ ይነቃል። አሥራ አንድ ጊዜ ሞተ። ከዚያ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፦ «እትዬ፣ እባክሽ አውርጂኝ።»

ወንበሩን በማግስቱ አስተካከልን። ጣሪያው ላይ ግን ለሁሉም ነገር ብለን መሰላል ጨመርንበት። አሁንም አለ።